የሙሚና ገጽ

«አልከፈተም፤ እስኪ እንደገና ሞክሪው» አለ ዐብዱረሕማን።

የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት ወይንሸት ከጀርባው ጎንበስ ብላ አድራሻውን ደግማ ጻፈች። ስክሪኑ ነጭ ሆነና ያው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ተመልሶ መጣ። እሱ እንግሊዝኛ አያነብም። የሚስቱ ፎቶ የሚወጣበትን ቦታ ግን ያውቀዋል፤ በስተግራ ከላይ ነው። አሁን እዚያ ምንም የለም።

«ምንድን ነው የሚለው?»

«ገጹ አልተገኘም ነው የሚለው፣ ጋሽ ዐብዱረሕማን። ወይ አድራሻው ተሳስቷል፣ ወይ ገጹ ቦታ ቀይሯል፣ ወይ ደግሞ አንሥተውታል።»

«አድራሻው ተሳስቶ ይሆናላ።»

«አልተሳሳተም። ሁልጊዜ የምከፍትልዎ እኮ እሱኑ ነው።»

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሱቁን ሳይከፍት ወደዚህ ፒያሳ መምጣት ከጀመረ ዓመት አልፎታል። ሽማግሌ የጨርቅ ነጋዴ ኢንተርኔት ቤት ምን ይሠራል ብለው የሚያሙት አልጠፉም፤ ያሻቸውን ይበሉ። ሚስቱ ሙሚና በሕይወት ሳለች ካሜራ ካየች ሻሿን ፊቷ ላይ የምትጎትት ሴት ነበረች። የምታስተምርበት የነርሶች ማሠልጠኛ ግን በስንት ልመና አንድ ፎቶ አንሥቷት ከመምህራኑ ጋር ዌብሳይቱ ላይ አወጣት። ከሞተች በኋላ የቀረለት መልኳ ያ ብቻ ነው። ከሥሩ ያለውን ወይንሸት አንብባለታለች፤ «ታስተምራለች» ይላል እንጂ «ታስተምር ነበር» አይልም። እሱም ፊት ለፊቷ ተቀምጦ፣ ሰው እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እንዴት ዋልሽ» ይላታል።

«ሰሞኑን ገጹን ያስነካ ሰው ይኖር ይሆን?» አለች ወይንሸት።

ዐብዱረሕማን ፎቶዋ የነበረበትን ቦታ አየ።

የሞተ ሰው ስም ምሕረት ሳይለመንለት እንዲሁ ሲነበብ መዋሉ ሲከነክነው ከርሞ ነበር። ባለፈው ሰኞ ማሠልጠኛው ድረስ ሄደና ዌብሳይቱን የሚሠራውን ሰው «እባክህ፣ ከስሟ በፊት መርሑማ የሚል ጨምርልኝ። ያያት ሁሉ አላህ ይዘንላት እንዲላት ነው» አለው። ሰውየው አዲስ ነበርና ደነገጠ።

«ሞተዋል እንዴ?»

«ዓመት አለፋት።»

«ነፍስ ይማር። አላወቅሁም፣ አባቴ። በቃ እናስተካክለዋለን።»

መርቆት ነበር የወጣው። እንደተባለውም አስተካከሉት። ቅንድብ ሊያበጅ ዓይን አጠፋ የሚሉት ይህንኑ ነው።

«እኔው ነኝ ያስነካሁት» አለ በመጨረሻ፤ የሆነውንም ነገራት።

ወይንሸት ጠረጴዛዋ ላይ ያለውን ማተሚያ ዞር ብላ አየችው። «ምነው አንድ ቀን እንኳ ፎቶዋን አትሚልኝ ሳይሉኝ ቀሩ?»

«ሥራዋ ላይ ነበረች እኮ፣ ልጄ። ወረቀት ምን ያደርግልኛል?»

ወይንሸት እጇን ማውሱ ላይ አድርጋ «እንግዲህ ልዝጋው?» አለች።

«ተይው። ሰዓቴ አላለቀም።»

ሌላ ደንበኛ ጠራትና ሄደች። ዐብዱረሕማን ወንበሩን ወደ ስክሪኑ ሳብ አደረገ። እንደ ወትሮው ግራ ቀኙን አየ፤ ድምፁንም ዝቅ አደረገ። «እንዴት ዋልሽ» ሊላት ነበር።

«አላህ ይዘንልሽ» አለ ለነጩ ገጽ።