ቤዙን ያስቀነስኩ ዕለት

«ይቅርታ እህቴ፣ ረበሽንሽ አይደል?» አለኝ የምድር ቤቱ ጭፈራ ቤት ዘበኛ፣ ሹራቤንና መነጽሬን አይቶ። ከጎን ግቢ ለአቤቱታ የመጣሁ መስሎታል።

የመጣሁት የራሴን ሙዚቃ ልሰማ ነበር። ስምንት ወር ሙሉ መኝታ ቤቴ ውስጥ በጆሮ ማዳመጫ ሠርቼ፣ ቤተሰቤ እንኳ በማያውቀው ስም ያወጣሁትን ሥራ ዲጄው ለመጀመሪያ ጊዜ በትልልቆቹ ስፒከሮች ከፍቶታል። የከበሮው ምት ተቆራርጦ ቤዙ፣ ያ ወፍራሙ ድምፅ፣ ሲገባ የበሩ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። «የእኔ ነው» ልል አፌን ከፈትኩና «ምንም አይደል» አልኩት።

«ኧረ ጎረቤትማ ይከበራል» ብሎ ደረጃውን ወረደ። ወዲያው ቤዙ ጠፋ። የቀረው ሙዚቃ የስልክ ጥሪ ይመስል ነበር።

የጎን ግቢው በር ተከፍቶ ነጠላ የደረቡ እናት ብቅ አሉ። «ምነው ቀነሳችሁት? ቅዳሜ ቅዳሜ ግድግዳውን ተደግፌ ወገቤን የሚያሽልኝ እሱ አይደል እንዴ? የዛሬው ደግሞ ከእስከዛሬው ሁሉ የበለጠ ነበር። ማን ነው ያስቀነሰው?»

ከደረጃው የተመለሰው ዘበኛ በጣቱ እኔን አሳያቸው።

«ምን በደልኩሽ የኔ ልጅ?» አሉኝ።

ይቅርታ ጠይቄያቸው ታክሲ ያዝኩ።