ዞረው ያለፏት ቦታ

ወላጆቹ፣ ትምህርት ቤት መሬት ላይ ተቀምጠው ለሚማሩት ልጆቻቸው ወንበር መግዣ የዘሩትን ሰሊጥ በደቦ ሲያጭዱ ውለው፣ መሀል ላይ አልጋ የምታህል ቦታ ሳያጭዱ ዞረው አለፏት። ባለፈው ወር የሽታዬ ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በተባራሪ ጥይት የወደቀችው እዚያ ነበር። ሽታዬ ማጭዷን ይዛ ወደዚያው አመራች።

«እሱስ ይቅር፣ እታለም» አሉ የወላጆች ኮሚቴው ሰብሳቢ አያ ደረበ፣ ቀና ብለው ሳያዩዋት።

«ለምን ይቀራል? ሰሊጥ እንደሁ ነገ ይረግፋል። የእኔዋስ አፈር ገባች፤ የእናንተዎቹ እንኳ ከመሬት ይነሱ።»

አጎንብሳ አጨደችው። ማሰሪያ የሚያቀብላት ጠፋ፤ ሁሉም እንደቆመ ቀረ። ጥቁር ሻሿን ከራሷ ፈታች፤ ነዶውን ጥፍር አድርጋ አሰረችና ከሌሎቹ ጋር አስደግፋ አቆመችው።

ነዶው አልተንገዳገደም። እሷ ግን እጇን ከላዩ አላነሳችም።