ተመራማሪዋ ለአባቷ የከለከለችው ዱቄት

"ለአይጥ እየሰጠሽ... ለአባትሽ ትከለክያለሽ?!"

ሹፌር የሆነው ታላቅ ወንድም በእህቱ ላይ ሲጮህ በሆስፒታሉ ኮሪደር የነበረ ሰው ሁሉ ዞሮ አየው።

እህቱ ተመራማሪ ናት። ለዓመታት የደከመችው ለአንድ ጥያቄ ነው... ኃይለኛ አንቲባዮቲክ ኩላሊትን ሲጎዳ፣ የአንድ ተክል ቅጠል ዱቄት ይከላከልለት ይሆን?

አይጦቹ ላይ ጥሩ ውጤት አግኝታለች። የዚያን ቀን ቤተሰቡን ሰብስባ በደስታ ያወራችው ራሷ ናት።

አሁን ደግሞ አባታቸው ለከባድ ኢንፌክሽን ያንኑ አንቲባዮቲክ በመርፌ እየተወጉ ነው... ኩላሊታቸውም መድከም ጀምሯል።

"ጋሼ፣ ሰው ላይ አልተሞከረም። መጠኑንም አላውቅም። አባዬን ቢጎዳውስ?"

"ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ምን ስትሠሪ ኖርሽ?"

እህት እንባዋን ጠርጋ ወደ ሐኪሙ ክፍል ገባች።

ወንድም ግን አላስቻለውም... ያንኑ ዱቄት ከገበያ ገዝቶ አባቱ ትራስ ሥር ሸጎጠ።

"አባዬ፣ ጠዋት ጠዋት በውሃ በጥብጠህ ጠጣ። ለእሷ እንዳትነግራት!"

አባት ፈገግ አሉ።

ከዚያ በኋላ እህቱን አኮረፋት። ሰላም ስትለው እንኳ ስልኩን ያያል።

ሳምንት አልፎ ሐኪሙ ውጤት ይዞ ገባ።

"እንኳን ደስ አላችሁ! ኩላሊታቸው እያገገመ ነው።"

ወንድም ደረቱን ነፋ።

"ያዳንኩት እኔ ነኝ! ዱቄቱን በድብቅ ሰጥቼዋለሁ!"

እህት በድንጋጤ ግድግዳውን ተደገፈች።

አባት ቀስ ብለው ትራሳቸውን አነሡ... ከረጢቱ እንደታሰረ ነው። አንዲት ማንኪያ አልጎደለም።

"እኛ እኮ መርፌውን ቀይረናል" አለ ሐኪሙ። "ልጃቸው ሌላ አማራጭ ሳናገኝ ከሐኪሞቹ ክፍል አልወጣም ብላ አስጨነቀችን።"

ወንድም ወደ አባቱ ዞረ።

"አባዬ... ለምን አልጠጣኸውም?"

"ልጄ ለአይጥ ሰጥታ ለእኔ የከለከለችኝ፣ ከአይጥ ስለምታስበልጠኝ ነዋ!"

ወንድም አፈረ። ክፉ ሆኖ እኮ አይደለም፣ አባቴን ላጣ ነው ብሎ ፈርቶ ነው። እህቱን አቅፎ እንደ ልጅ አለቀሰ...

ወዳጆቼ፣ "ተፈጥሯዊ ነው" የተባለ ሁሉ ለታመመ ሰው ሐኪሙ ሳያውቅ አይሰጥም። ደግሞ "አላውቅም" ማለት የሚደፍር ሰው ሲወዳችሁ ከልቡ ነው።

እናንተስ... "አይሆንም" ሲላችሁ ተቀይማችሁት፣ ኋላ ግን ለእናንተው ብሎ እንደሆነ የገባችሁ ሰው ማነው? እስኪ ኮመንት ላይ አመስግኑት።