የጨጓራው ክኒን

«እማዬ፣ ስልኩን አምጪ።» ትልቁ ልጇ አንድ እጁን እንደዘረጋ ነው። በሌላኛው እጁ አዲስ ባለቁልፍ ስልክ ይዟል፤ ከመደወልና ከመቀበል ሌላ ምንም የማያውቅ።

«አላመጣም» አለች እናቱ፣ የራሷን ስልክ ትራስ ስር ወሽቃ እላዩ ላይ እየተደገፈች።

ሰፈሩ መርፌ ይላታል። ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ስለሰፋች ብቻ አይደለም፤ ምላሷም ያው ነው። ትናንት ከሆስፒታል ስትመለስ ግን መናገሪያ አቅም እንኳ አልነበራትም። ስልኳ ላይ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰውዬ «ይቺን ቅጠል ጨምቃችሁ ጠጡ፣ ነቅሎ ነው የሚያወጣላችሁ» ብሎ ሲምል አይታ፣ ጠጥታ፣ አንጀቷ ተገልብጦ ነው ልጆቿ አፋፍሰው የወሰዷት።

«ልትሞቺብን ነበር እኮ!» ልጇ ሹፌር ነው፤ ሲናደድ እዚህም ጥሩምባ የሚነፋ ይመስለዋል። «አንድ ወሮበላ ጋዋን አጥልቆ የቀባጠረውን አምነሽ! ካሁን በኋላ ኢንተርኔት የሚባል ነገር የለም። በቃ!»

«በቅጠሉስ እውነትህን ነው። ጅል ሆኛለሁ፤ ብትሰድቡኝም አይበዛብኝም።»

ነርሷ ልጇ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እግሯን ታሻሻታለች። «ላንቺው ብለን ነው እማዬ። አሁን ለጨጓራ ተብሎ ይሄ ሁሉ...»

«ለጨጓራ?»

የመርፌ ደም ፈላ። እጇን ወደ ኮመዲኖው ሰደደችና የጨጓራ መድኃኒት ስም የተለጠፈበትን ብልቃጥ አንስታ አንድ ክኒን መዳፏ ላይ ገለበጠች።

«ብልቃጡን ቀየራችሁ። ጎበዞች! ክኒኑ ላይ የተቀረጸውንስ ምን ልታደርጉት ነበር? የኔ ዓይን እኮ በጥቁር ጨርቅ ላይ ጥቁር ክር ሲያሳድድ ነው የኖረው። ፊደሎቹን አንድ ባንድ ስልኬ ላይ ጻፍኩ። የምን መድኃኒት እንደሆነ ቁጭ አደረገልኝ።»

ነርሷ እግሯን ማሸት አቆመች። ሹፌሩም የዘረጋውን እጅ ሰበሰበ።

«ሐኪሙ እንኳ እንዳይነግርሽ...» ብሎ ጀመረና ዋጠው።

«ሐኪሙንም አስማምታችኋል፣ አውቃለሁ። እዚህ ቤት ሕመም የሚነገረው ለዘመድ ነው እንጂ ለታማሚው አይደለም። የኔን በሽታ አጎታችሁ ያውቃል፣ ጎረቤት ያውቃል፣ እኔ ባለቤቷ ነኝ የማላውቀው።»

«እንዳትደነግጪ ብለን እኮ ነው» አለች ነርሷ፣ እንባዋ እየመጣ።

«ደንግጫለሁ! ያውም ብቻዬን! አንዱን ስከፍት አለቀልሽ ይለኛል፣ ሌላው አይዞሽ ትድኛለሽ ይላል፣ ያኛው ደግሞ ቅጠል ጠጪ ይለኛል። የቱን ልመን? ማንን ልጠይቅ? እናንተን ብጠይቅ ጨጓራ ነው ትሉኛላችሁ። ጨንቆኝ ነው የጠጣሁት፤ ሰው አጥቼ!»

«ይኸው! ኢንተርኔቱ ይዋሽሻል እያልኩሽ እኮ ነው!» አለ ሹፌሩ።

«አዎ፣ ይዋሸኛል። እሱ ግን ማን እንደሆንኩ አያውቅም። እናንተ እናታችሁ እንደሆንኩ እያወቃችሁ ነው የዋሻችሁኝ።»

ሹፌሩ ያመጣውን ስልክ ቀስ አድርጎ ኪሱ ከተተው። መርፌ ግን አልበረደላትም። አሳዘኗት፣ አናደዷት፤ ደግሞ ይሄን በልቧ ይዛ ስትከርም የታፈነው ትንፋሿ አሁን ገና ወጣላት።

ስልኩን ከትራሱ ስር አወጣች። ሹፌሩ የተረታችለት መስሎት እጁን ሲሰድ፣ አልፋው የነርሷ ጭን ላይ አስቀመጠችው።

«ሰጠሁሽ አላልኩም፤ እኔው አጠገብ ሆነሽ ነው የምታይው። ነርስ አይደለሽ? ያነበብኩት ሁሉ እዚያ ላይ አለ። የቱ እውነት፣ የቱ ውሸት እንደሆነ አሁኑኑ ትነግሪኛለሽ። ከስሙ ጀምሪ።»

ነርሷ ወንድሟን አየችው። አቀረቀረ። ስንት በሽተኛ ፊት ያልተንቀጠቀጠ ድምፅዋ እናቷ ፊት ተንቀጠቀጠ።

«ካንሰር ነው፣ እማዬ።»

ቃሉ እዚያ ቤት ውስጥ ጮክ ተብሎ ሲነገር ይሄ የመጀመሪያው ነው። መርፌ በክርኗ ተደግፋ ተነሳችና ጀርባዋን አቅንታ ተቀመጠች።

«እሺ» አለች። «ቀጥዪ።»