የያፌት ማርሚታ

የተሽከርካሪ መርማሪው ከመኪናው ሥር ወጥቶ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«አባቴ፣ ድምፅ ማፈኛው ማርሚታ ተቆርጧል፤ የጭስ ማጣሪያውም ወልቋል። እንደ ድሮው ካልተመለሰ ቦሎ አያገኙም።»

«ልጄ ነው ያስቆረጠው። ድምፁ እንዲያገሳለት ብሎ።»

«እንግዲያው ልጅዎ ያስመልሰው።»

ሰውየው የመኪናውን ቁልፍ ተቀበለ። ልጁን ያፌትን ከቀበሩ ሁለት ዓመት አልፏል። ሚስቱ ግን ያ ድምፅ ከመታጠፊያው ሲሰማ አሁንም የልጇን እራት ለብቻ ከድና ታስቀምጣለች። ሞቷል ብሎ ሊያስታውሳት አንጀቱ አልቻለም። እንዲያውም በየምሽቱ ሆን ብሎ መኪናውን እያስጓራ ይገባል፤ ጎህ ሲቀድ ደግሞ የተከደነውን እራት ለውሻው ይሰጣል።

ጋራዥ ሄዶ አዲስ ማርሚታና ማጣሪያ አስገጠመ። መኪናው ምርመራውን አለፈ። ወደ ቤቱ ግን፣ ሚስቱ ዛሬ ያን ድምፅ ሳትሰማ ስትቀር ምን ትሆን ይሆን እያለ ቀስ ብሎ ነዳ።

መኪናው ኮሽ ሳይል ደጃፉ ላይ ቆመ። በሩን ገፋ አድርጎ ሲገባ፣ ሚስቱ ጓዳ ሆና ከእህቷ ጋር በስልክ ታወራለች።

«ልዝጋው እቴ፣ መምጫ ሰዓቱ ደርሷል። የያፌትን እራት ልክደንለት። ምን ላድርግ ብለሽ ነው? ባሌ የልጁን ሞት እስከ ዛሬ አልተቀበለውም። አንድ ቀን ሳልከድን ብቀር፣ አእምሮውን ይስታል ብዬ እፈራለሁ።»

ሰውየው ኮቴውን አጥፍቶ ወጣ። መኪናው ውስጥ ገብቶ ክላክሱን ሦስት ጊዜ አስጮኸ።

ተመልሶ ሲገባ፣ የያፌት እራት ተከድኖ ጠበቀው።