ከሁለተኛው ቀለም በታች

በመጋቢት ፲፱፻፷፬ የመኪና መርማሪው አስረስ ቡታጅራ ሲደርስ፣ መኪናዋ ከዱባለ ጋራዥ ፊት ታጥባ ቆማ ነበር። ጣሊያን ጥሏት የሄደች ፊያት ናት። ሰይዶ የሚባል ወጣት የመስቃን ነጋዴ ስምንት ወር ሙሉ ሲጠግናት ከርሟል። አዲስ ታርጋ የምታገኘው አስረስ ድሮ ምን እንደነበረች አረጋግጦ ሲፈርም ብቻ ነው።

ሊብሬዋ የጭነት መኪና ይላል። ሰይዶ ግን አምቡላንስ ነበረች ባይ ነው።

ነገሩ ለአስረስ አልተዋጠለትም። ጭነት ብትባል በርበሬና ቆጮ እያመላለሰች ታበላዋለች። አምቡላንስ ከተባለች አንድ ኩንታል እንኳ አትጭንም። በጤናው ትርፍ የሚጠላ ነጋዴ የት ይገኛል?

መልሱን ያወቀው መሰለው። አምቡላንስ ኬላ ላይ አይቆምም፣ አይፈተሽም። አስረስ ዘንድሮ ወደዚህ ሥራ ከመዛወሩ በፊት ኬላ ላይ ሠርቷል፤ የኮንትሮባንድ ቡና ስንት መንገድ እንዳለው ያውቃል።

«ምን ልትጭንባት ነው?»

«ሰው፣ ጌታዬ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

ሰይዶ ትልቅ የብሎን መፍቻ በእጁ ይዟል። ሥራው ካለቀ ሰንብቷል፤ መፍቻውን ግን አላስቀመጠም። ዓይኑ ከአስረስ ብዕር ላይ አይነቀልም።

በመሥሪያ ቤቱ በአረንጓዴ ቀለም የሚጽፍ አስረስ ብቻ ነው፤ ማንም እጁን እንዳያስመስልበት። ፊት የማስታወስ ልማድ ግን የለውም። «የሰው ፊት ፋይል ውስጥ አይገባም» ይላል። የሞተሩን ቁጥር ጻፈ፤ 2147። ከዚህ በፊት የጻፈው መሰለውና ተወው።

«እኔስ አብደሃል ብዬው ነበር» አለ ሽማግሌው መካኒክ ዱባለ። «ያንን የመሰለ የጭነት ሣንቃ ነቅሎ ለማገዶ ሰጠ። ምናለ ለኔ ቢሰጠኝ፣ አልጋ እሠራበት ነበር።»

ሰይዶ መፍቻውን ወደ ሌላ እጁ አዛወረ።

አስረስ የኋላውን በር ከፈተ። ሁለት የብረት አልጋ፣ አዲስ ፍራሽ፣ አንድ እንስራ ውኃ። ወለሉን በጫማው መታ መታ አደረገው፤ ሥሩ ክፍተት ያለው ይመስላል። የወለሉን ጣውላ አስነቀለ። ከሥሩ ከሻንሲው ብረት በቀር ምንም የለም።

ቀና ሲል ሰይዶ ከጀርባው ቆሟል። መፍቻው እጁ ላይ ነው።

«አይቸኩሉ ጌታዬ» አለው በለሆሳስ። «እኔ መጠበቅ ለምጃለሁ።»

አስረስ ከመፍቻው ፈቀቅ አለ። «ልጅ አለህ?» አለ፤ ሌላ ወሬ አልመጣለትም።

«ነበረችኝ።»

አስረስ አልሰማም፤ ምላጩን እየፈለገ ነበር።

«የጋቢናውን በር አልነካሁትም» አለ ሰይዶ። «ራሱ ቀብቶት ነው እንዳይሉኝ።»

አስረስ በሩን በምላጭ ፋቀው። መጀመሪያ ግራጫ። ከሥሩ አረንጓዴ። ከአረንጓዴው ሥር ነጭ፣ እሱም እንደ ደረቀ ጭቃ የተሰነጣጠቀ። ስምንት ወር ቀርቶ በስምንት ዓመትም እንዲህ አይሰነጠቅም። ነጩ ላይ ቀይ ነገር ብቅ አለ። ወደ ጎን ፋቀ፤ ወደ ታች ፋቀ። ቀይ መስቀል ነው።

ደስ አላለውም። ቢሆንም ማስረጃ ማስረጃ ነው። «ከጥንት አምቡላንስ የነበረች፤ በስሕተት ጭነት ተብላ የተመዘገበች» ብሎ ጻፈና ፈረመ።

«ቀድሞ የወጣባት ወረቀት ካለ አምጣ» አለ። «ካልተያያዘ ፋይሉ አይዘጋም።»

ሰይዶ ያን ጊዜ መፍቻውን መሬት አስቀመጠ። ከደረት ኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጠው።

የኬላ እገዳ ነው። ሐምሌ ፲፩ ቀን ፲፱፻፷፫። «የሞተር ቁጥር 2147፣ የጭነት መኪና። የታመመች ሕፃን ይዛ ተገኝታለች። አምቡላንስ ስላልሆነች እስከ ማታ ትታገድ።»

ጽሑፉ በአረንጓዴ ቀለም ነበር።