የካፒቴኑ ማረፊያ

የካፒቴኑ ትንሽ አውሮፕላን በዚያ ዓመት ስታርፍ ለሦስተኛ ጊዜ ተሰበረች። የፊት ጎማዋ ታጥፎ ሣሩ ላይ በአፍንጫዋ ተደፋች።

መካኒኩ ከጋራዡ እየሮጠ ሲደርስ ሽማግሌው ቆባቸውን እያራገፉ ወርደዋል።

«ተጎዱ እንዴ ጋሼ?»

«እኔ ምን እሆናለሁ! ስንት ቀን ይፈጅብሃል?»

«ሦስት ሳምንት አያንስም።»

«ይሁን» አሉ። ቅር ያላቸውም አይመስሉ።

ጡረታ ከወጡ ሰባት ዓመት፣ ባለቤታቸውን ከቀበሩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ጥገና በተጀመረ ቁጥር ማለዳ ከመካኒኩ ቀድመው የጋራዡ በር ላይ ይገተራሉ። በርሜል ላይ ተቀምጠው መፍቻ ያቀብላሉ፤ የድሮ በረራቸውን ያወራሉ። መካኒኩ «እህ» እያለ ይሠራል። በልቡ ግን «ሥራዬን አላመኑትም፤ ሊቆጣጠሩኝ ነው የሚመጡት» ይላል።

ጥገናው ሊያልቅ ሲል ከሲቪል አቪዬሽን አንዲት መርማሪ መጣች።

«ሦስቴ አንድ ቦታ ይሰበራል? ወይ ያንተ እጅ ነው፣ ወይ የሳቸው ዓይን። አራተኛ ከተደገመ ጋራዡን አሽገዋለሁ።»

መካኒኩ አንዲት ብሎን ሳትቀር ፈትቶ ገጠመ። እንከን የሚባል ነገር አጣ። እንግዲያው ዓይናቸው ነው። ለመርማሪዋ ሊነግራት ቆረጠ፤ ከዚያ በፊት ግን ራሱ ማየት ፈለገ።

«ዛሬ አብሬዎት ልብረር» አላቸው ጥገናው እንዳለቀ።

የካፒቴኑ ፊት ወገግ አለ። «ምን ገዶኝ! ግባ፣ ግባ!»

ተነሡ። ከተማውን ሲዞሩ ካፒቴኑ ቁልቁል እያመለከቱ፣ «ያ ጣሪያ አንድ ቆርቆሮ ተገንጥሎበታል» አሉት። መካኒኩ አፍጥጦ አፍጥጦ በጭንቅ አያት።

ሲመለሱ ነፋሱ ከጎን ይገፋ ነበር። መካኒኩ ወንበሩን ጨምድዶ ያዘ። ጎማው መሬት መንካቱን ያወቀው ሣሩ ከሥራቸው ሲንሿሿ ነው።

ሞተሩ ጠፋ።

«ጋሼ፣ ዓይንዎ የንስር ነው። እጅዎም ንቅንቅ አላለም። ታዲያ ሦስቴ እንዲያ ያፈረጧት ምን ነክቶዎት ነው?»

ካፒቴኑ ቀበቶአቸውን ፈቱ።

«ደህና ካረፈችማ» አሉ፣ «ምን ብዬ አንተ ጋ ልምጣ?»